ኤኤምኤች፣ ኤፍኤስኤች ወይስ የፎሊክል ቆጠራ? ከአይቪኤፍ በፊት የቱ ምርመራ ምን ይነግራችኋል

አንዲት ጓደኛዬ ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ የላብራቶሪ ወረቀቷን ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። "5.7 ገባ! ከ0.8 ተነስቶ! ቫይታሚኑ ሠራ ማለት ነው!" ትላለች። ከሦስት ወር በፊት ሌላ ላብራቶሪ ሄዳ የእንቁላል ክምችቷን የሚጠቁመው፣ ኤኤምኤች የሚባለው ሆርሞኗ 0.8 ሲሆንባት ሁለት ቀን አልቅሳ ነበር።

ፎቶውን አጉልቼ አየሁት። ከቁጥሩ በስተቀኝ በደቃቅ ፊደል የመለኪያው ስም ተጽፏል። የድሮው ወረቀት በናኖግራም ነበር። አዲሱ በፒኮሞል ነው። በኤኤምኤች 1 ናኖግራም በሚሊሊትር ማለት 7.14 ፒኮሞል በሊትር ነው። 0.8ን በ7.14 አባዛሁት። 5.7። ያው ውጤት ነው፤ ልብሱን ቀይሮ መጣ እንጂ።

እንዴት አድርጌ እንደምነግራት ሳስብ ግማሽ ሰዓት አለፈ።

ታሪኩን የጻፍኩት በፈቃዷ ነው። "ሌላ ሰው እንዳይሸወድ ጻፊው" ብላኛለች። እውነቱን ለመናገር ግን የመለኪያው ነገር ቀላሉ ስህተት ነው። ከባዱ ሌላ ነው፤ አንድን ምርመራ የማያውቀውን ነገር መጠየቅ።

አይቪኤፍ ማለት እንቁላልን አውጥቶ ከሰውነት ውጭ ከወንድ ዘር ጋር ማገናኘት፣ የተፈጠረውን ሽልም ወደ ማህፀን ማስገባት ነው። ለዚህ የሚዘጋጅ ሰው ሁልጊዜ የሚጠይቀኝ "ከሆርሞን ምርመራዎቹ የቱ ነው ትክክለኛው?" ብሎ ነው። እኔ መልሼ "ምን ለማወቅ?" እላለሁ። ስንት እንቁላል እንደሚወጣ? እንቁላሉ ጤነኛ ልጅ የመሆን ዕድሉን? ሽሉ በዚህ ወር ይግባ ወይስ ይቆይ? ወይስ መያዝ አለመያዙን? እያንዳንዱ ሆርሞን ከእነዚህ ለአንዱ ወይም ለሁለቱ ነው መልስ ያለው። ለሌላው ዲዳ ነው።

ስንት እንቁላል ይወጣል?

ሴት ልጅ ስትወለድ በኦቫሪዋ ውስጥ ከ1 እስከ 2 ሚሊዮን የሚሆኑ ፎሊክሎች ይኖሯታል። ፎሊክል ማለት እንቁላሏን የያዘችው ትንሽ ከረጢት ናት። የወር አበባ ማየት ስትጀምር ከ300 እስከ 400 ሺህ ይቀራሉ። ከእነዚህ በዕድሜ ዘመኗ በስለው የሚለቀቁት 400 ገደማ ብቻ ናቸው። ሌላው በየወሩ ድምፅ ሳያሰማ ይከስማል፤ የወሊድ መከላከያ ብትወስድም፣ ብታረግዝም መክሰሙን አያቆምም።

የቀረውን ክምችት አንድ በአንድ ቆጥሮ የሚነግር ምርመራ የለም። ያሉት ሁሉ ጭሱን አይተው እሳቱን የሚገምቱ ናቸው። ልዩነታቸው ጭሱን ከየት ሆነው እንደሚያዩት ነው።

ኤኤምኤች ከቅርብ ነው የሚያየው። ይህን ሆርሞን የሚሠሩት ማደግ የጀመሩት ትንንሾቹ ፎሊክሎች ራሳቸው ናቸው። ከ8 ሚሊሜትር ገደማ ሲያልፉ ማምረቱን እየተዉት ይሄዳሉ። ስለዚህ ደም ውስጥ ያለው መጠን ትንንሾቹ ምን ያህል እንደሆኑ ይጠቁማል። ትንንሾቹ ብዙ ከሆኑ ደግሞ ብዙ እንቁላል በአንዴ እንዲያድግ የማነቃቂያ መርፌ ሲሰጥ የሚነሱት ብዙ ይሆናሉ። የስሙ ታሪክ ይገርመኛል። ፀረ ሙለሪያን ሆርሞን ነው ሙሉ ስሙ። ሙለር የሚለው ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀርመናዊ ሳይንቲስት ከዮሐንስ ሙለር የመጣ ነው፤ በፅንስ ውስጥ ማህፀንና ቱቦ የሚሆኑት መተላለፊያዎች በእሱ ስም ይጠራሉ። በ1940ዎቹ አልፍሬድ ዦስት የሚባል ፈረንሳዊ በጥንቸል ፅንስ ላይ ሲሠራ፣ የወንዱ ፅንስ እነዚህን መተላለፊያዎች የሚያጠፋ ነገር እንደሚያመነጭ አሳየ። ያ ነገር ነው ኤኤምኤች። በወንድ ፅንስ ማህፀን እንዳይፈጠር የሚከለክል ሆርሞን ዛሬ ልጅ የምትፈልግ ሴት ዋና ምርመራ ሆኖ አረፈው።

ኤፍኤስኤች ግን ከሩቅ ነው የሚያየው። የሚመነጨው ከኦቫሪ አይደለም፣ ጭንቅላት ውስጥ ካለው ከፒቱታሪ እጢ ነው። ሥራው ኦቫሪውን "ፎሊክል አሳድግ" ብሎ ማዘዝ ነው። ኦቫሪው በቂ ፎሊክል ካለው ቶሎ ይመልሳል፣ አዛዡም ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ሰሚው ሲያንስ ግን አዛዡ ይጮኻል። ከ10 ዩኒት በላይ የወጣ ኤፍኤስኤች ያ ጩኸት ነው። ችግሩ ጩኸቱ የሚሰማው ዘግይቶ መሆኑ ነው። ክምችቱ በጣም እስኪቀንስ ድረስ ኤፍኤስኤች "ደህና" የሚል ወረቀት ይዞ ሊመጣ ይችላል።

እንግዲህ ከሁለቱ አንዱን ምረጪ ብባል ኤኤምኤችን ነው የምመርጠው። ምክንያቴም ተግባራዊ ነው። ኤኤምኤች በወር አበባ ዑደት ውስጥ ብዙም ስለማይዋዥቅ በፈለጋችሁት ቀን ደም መስጠት ትችላላችሁ። ኤፍኤስኤች የወር አበባ ከመጣ በ2ኛው፣ በ3ኛው ወይም በ4ኛው ቀን ካልተሠራ ትርጉም የለውም። ቀኑ በዓል ላይ ዋለ፣ መንገድ ላይ ነበርኩ ብትሉ ሌላ ወር መጠበቅ ነው። በዚያ ላይ ከወር ወር ይለዋወጣል። አንዷ ሴት ባለፈው ወር 13፣ በዚህ ወር 8 ልታይ ትችላለች። "8 ሆኗል፣ አሁን እንጀምር" ማለት ያጓጓል። ግን ጥሩ ቁጥር የወጣበትን ወር እየጠበቁ መጀመር ብዙም እንደማይጠቅም ታይቷል። አንዴ ከፍ ካለ መልእክቱን አድርሷል።

ኤፍኤስኤች ሌላም ሸር አለው። ብቻውን መታዘዝ የለበትም። አብሮት ኢስትራዲዮል፣ ማለትም እያደገ ያለ ፎሊክል የሚያመነጨው ሆርሞን፣ መለካት አለበት። ክምችቷ ያነሰ ሴት አንዳንዴ ፎሊክሏ ቀድሞ ማደግ ይጀምርና በ3ኛው ቀን ኢስትራዲዮሏ ከ80 ፒኮግራም በሚሊሊትር በላይ ይወጣል። ኢስትራዲዮል ደግሞ ኤፍኤስኤችን ይጫነዋል። ወረቀቱ ላይ ኤፍኤስኤች 7 ይላል፣ ሁሉም ደስ ይለዋል። ነገር ግን 7 የሆነው አፉ ስለተያዘ ነው። ስለዚህ ኤፍኤስኤች ብቻ ተጽፎበት የመጣ ወረቀት ካያችሁ ግማሽ ወሬ ነው በሉት።

ኤፍኤስኤች ታዲያ ይጣል? በጭራሽ። ኤኤምኤች የሚለካ ላብራቶሪ የሌለበት ቦታ አለ፣ እዚያ ኤፍኤስኤችና ኢስትራዲዮል አንድ ላይ ጥሩ ሥራ ይሠራሉ። ዕድሜያቸው ከ40 በታች ሆኖ የወር አበባቸው ለ4 ወርና ከዚያ በላይ ለተዛባ ወይም ለቀረ ሴቶች ደግሞ ቀዳሚው ምርመራ ኤፍኤስኤች ነው። ከ25 ዩኒት በላይ ከወጣ ኦቫሪው ያለዕድሜው ሥራ እያቆመ እንደሆነ ይጠረጠራል። ያ ከአይቪኤፍ ስኬት የሰፋ ጉዳይ ነው። አጥንትና ልብንም ስለሚነካ የራሱ ሕክምና አለው።

ኤኤምኤችን የሚያጣምሙ ነገሮች

ኤኤምኤችን መረጥኩ ስል እንከን የለውም ማለቴ አይደለም። የወሊድ መከላከያ ክኒን እየወሰዳችሁ ከተመረመራችሁ ከእውነተኛው ዝቅ ብሎ ይወጣል። ክኒኑን ካቆማችሁ ከሁለት ወይም ከሦስት ወር በኋላ መድገም ይሻላል። ለፀጉርና ለጥፍር ተብሎ የሚሸጠው ባዮቲን አንዳንድ መሣሪያዎችን ያሳስታል፤ ደም ከመስጠታችሁ በፊት ባሉት ቀናት ተዉት፣ ለላብራቶሪውም ንገሩ። ከመሣሪያ መሣሪያም ልዩነት አለ። በአንድ ዓይነት መለኪያ ቢጻፍም ሁለት የተለያዩ መሣሪያዎች ለአንድ ደም የተለያየ ቁጥር ሊሰጡ ይችላሉ። ለውጥ ለመከታተል ከፈለጋችሁ እዚያው ላብራቶሪ ተመለሱ።

ፒሲኦኤስ የሚባለው፣ የወር አበባን የሚያዛባ የሆርሞን ችግር ያለባቸው ሴቶች ላይ ኤኤምኤች ከፍ ይላል። ትንንሽ ፎሊክሎች ስለሚበዙባቸው ነው። እንዲያውም በ2023 የወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያ ለአዋቂ ሴቶች ከፍ ያለ ኤኤምኤችን በአልትራሳውንድ ምትክ ፒሲኦኤስን ለመለየት መጠቀም ይቻላል ብሏል። ስለዚህ ኤኤምኤች 9 ናኖግራም ያላት ሴት ሁሉ እድለኛ ናት ማለት አይደለም። ለመርፌው ከልክ በላይ ልትመልስ ትችላለች፤ ኦቫሪዋ አብጦ፣ ሆዷ ውሃ ቋጥሮ ሆስፒታል የምትገባበት አደጋ አለ። ከ3.5 ናኖግራም ገደማ በላይ ሲሆን ጥሩ ሐኪም የመርፌውን መጠን ይቀንሳል፣ እንቁላሉን መጨረሻ ላይ የሚያበስለውን የማብሰያ መርፌ ዓይነት ይቀይራል፣ ሽሎቹን በሙሉ አቀዝቅዞ ለሌላ ወር ያቆያል። ለእኔ የኤኤምኤች ትልቁ ጥቅም ይኸኛው ነው። ስለ ዝቅተኛ ቁጥር ብዙ ይወራል፤ ስለ ከፍተኛው ግን ሰው ዝም ይላል።

ዝቅተኛው ስንት ነው? በ2011 የአውሮፓ የሥነ ተዋልዶ ባለሙያዎች ማኅበር የቦሎኛ መስፈርት በሚባለው ከ0.5 እስከ 1.1 ናኖግራም በታች ብሎ አስቀመጠ። በ2016 የመጣው የፖሴይዶን አከፋፈል 1.2 አለ። ሁለቱም የሚሉት ከዚያ በታች ከሆነ የሚወጣው እንቁላል ጥቂት ሊሆን ይችላል ነው። "ጥቂት" ሲሉም በተለመደው የመርፌ መጠን 3 ወይም ከዚያ በታች እንቁላል ማለታቸው ነው። ልጅ አይወለድም አላሉም። ይቺን ልዩነት ወረቀቱ ላይ የሚጽፍላችሁ የለም። ወረቀቱ ላይ ያለው ወደ ታች የዞረ ቀስት ነው።

የአልትራሳውንድ ቆጠራ

ይህ ሆርሞን አይደለም፣ ግን ሳይነሳ ንጽጽሩ ይጎድላል። የወር አበባ በመጣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሐኪሙ በብልት በኩል በሚገባ አልትራሳውንድ በሁለቱም ኦቫሪዎች ያሉትን ከ2 እስከ 10 ሚሊሜትር የሆኑ ፎሊክሎች ይቆጥራል። ስክሪኑ ላይ ጥቁር ክብ ነጠብጣቦች ሆነው ይታያሉ፤ ግራጫ ጨርቅ ላይ እንደተበተነ ጥቁር አዝሙድ። በሁለቱም ተደምሮ ከ5 እስከ 7 በታች ከሆነ ዝቅተኛ ይባላል። ከ20 ሲያልፍ ሐኪሙ መርፌው እንዳይበዛ መጠንቀቅ ይጀምራል።

የሚወጣውን እንቁላል በመተንበይ ከኤኤምኤች ጋር ትከሻ ለትከሻ ነው። ምርጫው ቆጣሪው ማን ነው በሚለው ላይ ያርፋል። ልምድ ያለው ሰው፣ ጥሩ መሣሪያ ይዞ፣ ሳይቸኩል ከቆጠረ ቆጠራው ይበልጥብኛል። ውጤቱ እዚያው ይታወቃል፤ ኪስት (ፈሳሽ የቋጠረ ከረጢት)፣ ማዮማ (የማህፀን እጢ)፣ ኦቫሪ ላይ የተቀመጠ ኢንዶሜትሪዮሲስ (የማህፀን ሽፋን የሚመስል ሕዋስ ከማህፀን ውጭ ሲያድግ) ካለም አብሮ ይታያል። ደም ይህን አያሳይም። ነገር ግን በር ላይ ሠላሳ ሰው እየጠበቀው ሁለት ደቂቃ ውስጥ "ስድስት... ሰባት አካባቢ" ብሎ ከጻፈ፣ ኤኤምኤችን እመኑ።

ሁለቱ ሲጋጩስ? ኤኤምኤች 0.7፣ ቆጠራ 14። ያጋጥማል። መጀመሪያ ክኒን ወይም ባዮቲን እየወሰዳችሁ እንደነበር አስቡ። ከዚያ የመለኪያውን ስም እዩ። ከዚያ ቆጠራው በየትኛው ቀን እንደተሠራ ጠይቁ። ይህ ሁሉ አልፈታው ካለ አንዱን መድገም ነው። ከሁሉም በላይ እውነቱን የሚናገረው ግን የመጀመሪያው የማነቃቃት ዙር ነው። አንድ ጊዜ መርፌ ወስዳችሁ 9 እንቁላል ከወጣላችሁ የወረቀቱ 0.7 ከዚያ በኋላ ብዙ ዋጋ የለውም።

የድሮዎቹን በአጭሩ ልለፋቸው። ኢንሂቢን ቢ የሚባል ሆርሞን ነበረ፤ በጣም ስለሚዋዥቅ አሁን አይመከርም። በክሎሚፊን ክኒን የሚደረግ ሙከራም ነበረ፤ በ3ኛውና በ10ኛው ቀን ኤፍኤስኤች ይለካል። ከኤኤምኤች የተሻለ ነገር አያመጣም፣ አድካሚ ነው። ዛሬ ይታዘዝልሽ የሚል ካለ ለምን እንደሆነ ጠይቁት።

ልጅ ይሆናል ወይ?

እዚህ ላይ ነው ሆርሞኖቹ ሁሉ ዝም የሚሉት። ኤኤምኤች ስለ ብዛት ነው የሚያወራው። ጥራትን የሚወስነው በዋናነት ዕድሜ ነው። እንቁላል ዕድሜዋ ሲገፋ ክሮሞዞሞቿን እኩል መክፈል ያቅታታል። በ20ዎቹ መጨረሻ ችግሩ ዝቅተኛ ነው። ከ35 በኋላ ይጨምራል። 40 ላይ ከሚፈጠሩት ሽሎች ከግማሽ በላይ የክሮሞዞም ጉድለት ይኖራቸዋል። እነዚህ አብዛኞቹ አይጣበቁም፣ ወይም ይወርዳሉ።

ለዚህ ትልቁ ማስረጃ የእንቁላል ልገሳ ነው። የ44 ዓመት ሴት የ26 ዓመት ለጋሽ እንቁላል ብትወስድ ዕድሏ የሚከተለው ለጋሿን ነው፣ ራሷን አይደለም። ማህፀኑ ያው የ44 ዓመት ማህፀን ሆኖ።

ሁለት ሴቶች አስቡ። አንዷ 29 ዓመቷ ነው፣ ኤኤምኤች 0.8። ሌላዋ 42 ናት፣ ኤኤምኤች 3። ወረቀቱን ብቻ ያየ ሰው ሁለተኛዋ ትሻላለች ይላል። ቤተሰብ ሁሉ "የእሷ እኮ ቁጥሯ ጥሩ ነው" ይላል። የመጀመሪያዋ ምናልባት 4 እንቁላል ታወጣለች፣ ከእነሱ ግን ደህናው የመበርከቱ ዕድል ሰፊ ነው። ሁለተኛዋ 12 ልታወጣ ትችላለች፣ ብዙዎቹ ግን መንገድ ላይ ይቀራሉ። እኔ ብሆን የመጀመሪያዋን ወረቀት ነበር የምመርጠው።

ኤኤምኤችን ዕድሜ ላይ ስትደርቡት ነው ጥቅሙ የሚወጣው። ለ29 ዓመቷ ሴት 0.8 የሚላት "ጊዜ አታባክኚ፣ አንድ ዙር ላይበቃሽ ይችላል" ነው። ለ42ቷ 3 የሚላት "ለመሞከር በቂ እንቁላል አለሽ፣ ሽሎቹን ማስመርመር ያዋጣሽ እንደሆነ ጠይቂ" ነው። ለሁለቱም እሺ ወይም እምቢ አይልም። በቁጥሩ ብቻ "ሕክምና አንጀምርልሽም" የሚል ሐኪም ካጋጠማችሁ ሁለተኛ ሐኪም አማክሩ። በጣም ዝቅተኛ ኤኤምኤች ይዘው የወለዱ ብዙ ናቸው።

ገና ልጅ ለመውለድ ያልሞከራችሁ፣ "ለማንኛውም ልወቀው" ብላችሁ የምትመረመሩ ደግሞ ይህን ስሙኝ። በ2017 የወጣ የአሜሪካ ጥናት ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 44 የሆኑ፣ የመካንነት ታሪክ የሌላቸውን ሴቶች ተከታትሏል። ዝቅተኛ ኤኤምኤች ያላቸው በተፈጥሮ መንገድ ለማርገዝ ከሌሎቹ አልዘገዩም። ነገሩ ግልጽ ነው። በተፈጥሮ በወር የሚያስፈልገው አንድ እንቁላል ነው። ጓዳው ውስጥ መቶ ይኑር ሃያ፣ በዚያ ወር የምትወጣው አንዷ ናት። ኤኤምኤች ዋጋ የሚያገኘው ብዙ እንቁላል በአንዴ ማውጣት ሲፈለግ ነው።

በቁጥሩ የመርፌውን መጠን ማስተካከልስ ውጤቱን ያሻሽላል? ብዙ ሰው እርግጠኛ ነበር። በ2017 ሆላንድ ውስጥ ከ1500 በላይ ሴቶች ላይ የተሠራው ኦፕቲሚስት የሚባል ጥናት በፎሊክል ቆጠራ መሠረት መጠኑን ለየሰው ለክቶ ሰጠ። ለሁሉም እኩል 150 ዩኒት ከመስጠት ጋር ሲነጻጸር የተወለዱት ልጆች ቁጥር አልጨመረም። ያገኘው ጥቅም ከልክ በላይ ለሚመልሱት አደጋውን መቀነስ ነው። እንቁላሉ ከሌለ መርፌ አብዝቶ ማምጣት አይቻልም። "መጠኑን እጥፍ ያድርጉልኝ" ብላችሁ ሐኪም የምትለምኑ ይህን አስታውሱ።

መርፌው ከተጀመረ በኋላ

ከዚህ በኋላ ያሉት ሆርሞኖች ትንበያ አይባሉም፣ መሪ ናቸው። በየሁለት ቀኑ ደም ስትሰጡ ብዙውን ጊዜ የሚታየው ኢስትራዲዮል ነው። ለአንድ የበሰለ ፎሊክል ከ200 እስከ 300 ፒኮግራም በሚሊሊትር ይጠበቃል። አልትራሳውንዱ 10 የበሰለ አሳይቶ ኢስትራዲዮል 600 ብቻ ከሆነ አንድ ነገር አልገጠመም፤ ከ4000 ሲያልፍ ደግሞ የማበጥ አደጋው ይነሳል። እዚህም መለኪያው ይቀያየራል፤ 1 ፒኮግራም በሚሊሊትር 3.67 ፒኮሞል በሊትር ነው።

ኤልኤች እንቁላሉን የሚያስለቅቀው ሆርሞን ነው። አሁን ሳይታሰብ እንዳይነሳ በመርፌ ስለሚያዝ ብዙ አያስጨንቅም። ድሮ ግን እሱ ነበር ሁሉ ነገር። በሐምሌ 1978 የተወለደችው የመጀመሪያዋ የአይቪኤፍ ልጅ ሉዊዝ ብራውን የመጣችው ያለማነቃቂያ መርፌ ነው። እናቷ በተፈጥሮ ያበሰለቻት አንዲት እንቁላል ነበረች። ሐኪሞቹ የሚወጣበትን ሰዓት ያወቁት ሽንቷ ውስጥ ኤልኤችን እየለኩ ነው።

ከዚህ ክፍል ትኩረት የሚገባው ፕሮጄስትሮን፣ የማህፀኑን ሽፋን ለሽሉ የሚያዘጋጀው ሆርሞን ነው። የማብሰያው መርፌ በሚሰጥበት ቀን ከ1.5 ናኖግራም በሚሊሊትር በላይ ከወጣ የማህፀኑ ሽፋን ከሽሉ ቀድሞ ተዘጋጅቷል ማለት ነው። እንግዳው ሳይደርስ በሩ ተከፍቶ ተዘጋ። ሽሉ ችግር የለበትም፣ ቀጠሮው ነው የተዛባው። ስለዚህ አቀዝቅዞ በሌላ ወር ማስገባት ይሻላል። ብዙዎች በዚህ ጊዜ "ወደቅን" ብለው ያዝናሉ። ከሁሉም የሆርሞን ውጤቶች በቀጥታ ልታስተካክሉት የምትችሉት ይህ ነው፤ ወር መጠበቅ ነው መድኃኒቱ። ክሊኒካችሁ በዚያ ቀን ፕሮጄስትሮን የማይለካ ከሆነና ሽሉን ወዲያው ሊያስገባ ካሰበ፣ "አይለካም ወይ?" ብላችሁ ብትጠይቁ ነውር የለውም።

የቀዘቀዘ ሽል በሆርሞን በተዘጋጀ ዑደት ሲገባም ፕሮጄስትሮን ይመለሳል፤ አሁን ጥያቄው ተገልብጦ። በሚገባበት ቀን አካባቢ ከ10 ናኖግራም ገደማ ካነሰ ብዙ ሐኪሞች በመርፌ ይጨምራሉ።

ከጎን የሚታዘዙት

ታይሮይድና ፕሮላክቲን (ጡት ወተት እንዲያመነጭ የሚያደርገው ሆርሞን) ሁሌ ዝርዝሩ ውስጥ አሉ። እነሱ ስኬትን ለመተንበይ አይደሉም፤ የሚታከም ነገር እንዳያመልጥ ነው። ታይሮይድን የሚያዘው ሆርሞን ቲኤስኤች ከ4 በላይ ሲሆን ይታከማል፤ በ2.5 እና በ4 መካከል ሐኪሞች ራሳቸው ይከራከራሉ። ፕሮላክቲን ከፍ ብሎ ከወጣ ደግሞ አትደንግጡ። ጭንቀት፣ እንቅልፍ፣ የመርፌው ፍርሃት ራሱ ይጨምረዋል። ተረጋግታችሁ አንዴ ድገሙት።

ወንዶችስ? መጀመሪያ የዘር ፈሳሽ ምርመራ ነው፣ ሆርሞን ቀጥሎ ይመጣል። በፈሳሹ ውስጥ የዘር ፍሬ (ስፐርም) ጭራሽ ባልታየበት ጊዜ ኤፍኤስኤችና ቴስቶስትሮን ይለካሉ። ኤፍኤስኤች በጣም ከፍ ካለ ማምረቻው ተጎድቷል ማለት ነው፤ ሆኖም ከፍ ስላለ ብቻ በቀዶ ሕክምና ፍሬ አይገኝም ብሎ መደምደም አይቻልም። ብዙዎች ጋር ተገኝቷል። ጂም ውስጥ ጡንቻ ለማፋፋት ቴስቶስትሮን የሚወጋ ባል ካለ ደግሞ አሁኑኑ ለሐኪሙ ይናገር። ከውጭ የሚገባ ቴስቶስትሮን የዘር ፍሬ ምርቱን ያቆመዋል። ስንት ሚስት በባሏ መርፌ ምክንያት ተመርምራ ተመርምራ ደክማለች።

መጨረሻ የሚለካው

ሽሉ ከገባ በኋላ ያለው ብቸኛ ጥያቄ ይዟል ወይስ አልያዘም ነው። መልሱን የሚሰጠው የእርግዝና ሆርሞን የሚባለው ኤችሲጂ ነው። ደም የሚሰጠው ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። የመጀመሪያው ቁጥር ብቻውን ብዙ አይናገርም። 60 ሆኖ ጤነኛ ልጅ ይሆናል፣ 200 ሆኖ ይቆማል። ሐኪሙ የሚፈልገው ከሁለት ቀን በኋላ በሚሠራው ሁለተኛ ምርመራ እጥፍ ገደማ መሆኑን ነው።

የቤት ውስጥ የሽንት ምርመራ በዚህ ጊዜ ጠላት ነው። እንቁላሉን ለማብሰል የሚሰጠው መርፌ ብዙ ጊዜ ራሱ ኤችሲጂ ነው። ከሰውነት ሙሉ በሙሉ እስኪወጣ ከ10 እስከ 14 ቀን ሊፈጅ ይችላል። ቀድማችሁ ከሞከራችሁ የምታዩት መስመር የመርፌው ሊሆን ይችላል።

ጓደኛዬ ይህን ሁሉ ነግሬያት ነበር። ሽሉ በገባላት በማግስቱ ጠዋት ፎቶ ላከችልኝ። ሁለት መስመር። ከሥሩ "የመርፌው እንደሆነ አውቃለሁ፣ ግን እስቲ ዝም ብለሽ እዪው" ብላ ጽፋበታለች።